መናኸሪያው ጥግ ያለው ባለ አረንጓዴ በር ሻይ ቤት፦ ቡናው ከአሥር አሥር፣ ቴሌቪዥኑ አራት

ታፔላ የለውም። ጅማ መናኸሪያ አካባቢ ወርዳችሁ "ባለ አረንጓዴ በሩ ሻይ ቤት" በሉ፤ ባለ ባጃጆቹ ያውቁታል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ለጠዋት አውቶብስ ለሚጓዙ ሰዎች ተብሎ። እኔ መንገደኛ አይደለሁም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ግን በጥቅምት 2018 ለዘጠኝ ቀን ያህል በሩ ሲከፈት ደጁ ላይ ቆሜ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ምክንያቱ ቤዝቦል ነው። አትሳቁ።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ቶሮንቶ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የከተማውን ቤዝቦል ቡድን፣ የብሉ ጄይስን ሰማያዊ ኮፍያ ላከልኝ፤ ከኮፍያው ጋር ጭንቀቱንም ላከልኝ። በዚያ ጥቅምት ቡድኑ ለፍጻሜ ደረሰ፤ ፍጻሜው እስከ ሰባት ጨዋታ ይሄዳል፣ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ተጋጣሚው ደግሞ የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ነበር። መናኸሪያ ውስጥ ትኬት የሚቆርጡ አንድ ጋሼ አሉ፤ እህታቸው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው የሐበሾች ሰፈር ውስጥ ትሠራለች። እሳቸውም የእህታቸውን ቡድን ይደግፋሉ። ጅማ ውስጥ ቤዝቦል የሚያይ ሰው ሁለት ብቻ ቢሆን አይገርመኝም። ሁለቱም እዚህ ቤት ተገናኝተናል፤ ሁለቱም ተቃራኒ ነን።

ወደ ቤቱ ልመለስ። መጀመሪያ ቡናው።

ጅማ ላይ መጥፎ ቡና የለም የሚባለው ውሸት ነው። መናኸሪያ አካባቢ መንገደኛ ተመልሶ አይመጣም ብለው የተቃጠለ ቡና የሚያቀርቡ ሞልተዋል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ግን ቡናውን ከአጋሮ ነው የሚያስመጡት። ማታ አይቆሉም፤ ሌሊት ነው የሚቆሉት፣ እዚያው እፊታችሁ። 20 ብር ነው። ስኒዋ ትንሽ ናት፤ ግን ጠርዟ የተሰበረ ስኒ አንድም ቀን አልሰጡኝም። ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይቀዳሉ። እኔ ቤትን የምመዝነው በበረካው ነው። አቦልማ ማንም ያሳምረዋል። እትዬ በረካው ላይ አዲስ ከተወቀጠው ቆንጠር አድርገው ጀበናው ውስጥ ይጨምራሉ። "ውሃ ቀድቼ ብር መቀበል ያሳፍረኛል" አሉኝ አንድ ቀን።

ትኬት ቆራጩ ጋሼም ኳስ ወርዋሪን የሚመዝኑት እንደዚሁ ነው። ቤዝቦል ላይ አንድ ወርዋሪ ዱላ ከያዙ 9 መቺዎች ጋር ተራ በተራ ይገጥማል። ዘጠነኛው ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይጀመራል። በመጀመሪያው ዙር ወርዋሪው ለመቺዎቹ እንግዳ ነው። በሁለተኛው ይለምዱታል። ሦስተኛው ዙር ላይ ክንዱ ዝሎ፣ አመሉም ታውቆ ይጠብቁታል። ብዙ አሰልጣኞች እዚያ ሳይደርስ ያስወጡታል። ጋሼ ታዲያ "በረካው ይቀጥናል" ነው የሚሉት።

የመጀመሪያውን ጨዋታ እኛ 11 ለ 4 አሸነፍን፤ ስለዚህ ለሁለተኛው ጨዋታ፣ እሁድ ጥቅምት 16 ሌሊት፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት። በእኛ በኩል ኬቨን ጋውስማን፣ በእነሱ በኩል ጃፓናዊው ዮሺኖቡ ያማሞቶ። ጋሼ ጋውስማንን አይወዱትም። "ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው" ይላሉ። አንዱ ፈጣኑ ኳስ ነው። ሌላው ስፕሊተር የሚባለው፣ በሁለት የተከፈቱ ጣቶች መሃል ተይዞ የሚወረወር፤ ቀጥ ብሎ መጥቶ ዱላው ጋ ሲደርስ ዝቅ ይላል። ያማሞቶ ግን የመጋዘን ጠባቂ ነው፣ ቁልፉ ተንጠልጥሎ አያልቅም።

እኔ ተከራከርኩ። ጋውስማን 17 መቺዎችን በተከታታይ ባዶ እጃቸውን ሲያስወጣ በጣም ነው የተከራከርኩት። አንድ እኩል ናቸው። ጨዋታው ኢኒንግ የሚባሉ ዘጠኝ ክፍሎች አሉት፤ ሰባተኛው ላይ፣ የሱብሂ አዛን ሰዓት ሲቃረብ፣ የእነሱ ዊል ስሚዝ ኳሷን መትቶ ከሜዳ አወጣት፤ ይህ ነጥብ ነው። ትንሽ ቆይቶ ማክስ መንሲ ደገመው። ጋሼ ምንም አላሉም። ስኒያቸውን ብቻ አንስተው ወደ መብራቱ አዘንብለው አሳዩኝ። በረካ።

ያማሞቶ የመጨረሻዎቹን 20 መቺዎች አንድም ሳያሳልፍ ጨረሰ። ዘጠኙንም ኢኒንግ ብቻውን፣ በ105 ውርወራ። የጋሼ ቆጠራ ግን 103 ነው። ለምን ቆጠሩ? እዚህ ላይ ነው ቴሌቪዥኑ የሚመጣው።

ቴሌቪዥኑ ፍሪጁ በላይ ተሰቅሏል፤ 32 ኢንች ነው። ከስክሪኑ ግርጌ አራት ጣት የሚያህል ጥቁር ሆኖ ሞቷል። ለኳስ አፍቃሪ ችግር የለውም፤ የኳስ ውጤት ከላይ ነው የሚጻፈው። የቤዝቦል ውጤት ግን ከታች ነው። ስንት ውርወራ እንደተወረወረ፣ ስንት ሰው እንደወጣ፣ ሁሉም እዚያ ጥቁር ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ጋሼ በአሮጌ ትኬት ጀርባ በእስክሪብቶ አምስት አምስት እያደረጉ ይጭራሉ። ከ10 ሰዓት በፊት ያለውን ከስልኬ ነው የሚያሟሉት፣ ጨዋታው 9 ሰዓት ስለሚጀምር። ሁለቷ ውርወራ የጠፋችው መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ነው። ሪሞቱ ደግሞ እትዬ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነው። ቻናል ለማስቀየር መጀመሪያ ቡና ማዘዝ፣ ቀጥሎ ጤና መጠየቅ ያስፈልጋል። ሳልጠይቅ አንድ ቀን "እባክዎ ቻናሉን" ብዬ፣ ሙሉ ኢኒንግ የድሮ ኳስ ሲደገም አይቻለሁ።

መቀመጫው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ነው። ፎቶ ላይ ያምራል። ለአንድ ስኒ ቡና ይበቃል። ለ18 ኢኒንግ ግን አይሆንም። ይህን የምለው ማክሰኞ ጥቅምት 18 ስለተቀመጥኩበት ነው። ሦስተኛው ጨዋታ በዘጠኙ ኢኒንግ አቻ ስለሆነ፣ አሸናፊ እስኪለይ 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ፈጀ። አውቶብሶቹ ወጡ፣ መንገደኛው ሄደ፣ ጋሼ እየሮጡ ትኬት ይቆርጡና እየሮጡ ይመለሳሉ። "ኦታኒን አሁንም አልወረወሩለትም?" ይሉኛል። ኦታኒ የእነሱ አስፈሪ መቺ ነው፤ የእኛዎቹ ፈርተው አራት ጊዜ ሆን ብለው ሳይመታ በነጻ አሳለፉት። እኔ ፉል አዘዝኩ፣ ፉሉ አለቀ፣ እትዬ ለምሳ ሽንኩርት ማቁላላት ጀመሩ። ጢሱ መሃል የእነሱ ፍሪማን መታትና 6 ለ 5 ተሸነፍን። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሥራ ቦታ የተባልኩትን አልጽፈውም። ፉሉ ጥሩ ነው፤ ቃሪያው በዛ ያለ ነው፤ ዳቦው ግን የትናንት ነው።

ሐሙስ፣ አምስተኛው ጨዋታ፣ ግን የእኔ ቀን ነበር። የእኛ ወርዋሪ ትሬይ ዬሳቬጅ ያኔ ገና 22 ዓመቱ ነበር። ዓመቱን የጀመረው ከታች ሊግ ነው፣ ወደ ዋናው የመጣው መስከረም አካባቢ። የእነሱ ብሌክ ስኔል ደግሞ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ሽልማትን ሁለት ጊዜ የወሰደ ነው። ስኔል ገና ኳስ ሳያሞቅ ሁለቱ የመጀመሪያ መቺዎቻችን ከሜዳ አወጡበት። ዬሳቬጅ 12 ጊዜ መቺ ኳሷን ሳይመታ አስወጣ፣ አንድም ሰው በነጻ አላሳለፈም። 6 ለ 1። "እትዬ፣ ለጋሼ በረካ ይድገሙላቸው" አልኩ። ጋሼ "አንተ ልጅ፣ የልጅ አቦል ነው ይሄ፣ ቆይ" አሉኝ።

ቆየሁ። ቅዳሜ ያማሞቶ ጋውስማንን እንደገና አሸነፈው፣ 3 ለ 1። ጋውስማን አልጠፋም፣ ሦስተኛዋ ኢኒንግ ብቻ ናት የጎዳችው።

እሁድ ጥቅምት 23፣ ሰባተኛው ጨዋታ። እትዬን ለምኜ 9 ሰዓት ላይ ከፈቱልን፤ ለዚህ ብቻ አምስት ኮከብ ይገባቸዋል። በወርዋሪነት የ41 ዓመቱ ሸርዘር ለእኛ ጀመረ፣ መቺም ወርዋሪም የሆነው ኦታኒ ለእነሱ። ዘጠነኛው ላይ ልናሸንፍ ሁለት ሰው ማስወጣት ሲቀረን አቻ ሆኑ። ቀጥሎ በሩ ተከፍቶ የወጣው ማን ነው? ያማሞቶ። ከአንድ ቀን በፊት 96 ጊዜ የወረወረው ሰውዬ።

"ይሄ እኮ ሕግ አይደለም" አልኩ። ጋሼ ወደ እትዬ ዞረው "ከበረካ በኋላ ያለው ምን ይባላል?" አሏቸው።

እትዬ ከሰሉን እያራገቡ ቀና ሳይሉ "እጣቢ" አሉ።

እጣቢው ጨዋታውን ጨረሰው። በ11ኛው ኢኒንግ 5 ለ 4፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አለፍ ሲል። የተወራረድነው የሁሉንም ቀን ቡና ነበር፣ ሒሳቡ በትኬት ጀርባ ተጭሯል፤ 31 ስኒ፣ 620 ብር። ጋሼ 29 ነው አሉ፤ በቆጠራ ሁልጊዜ ሁለት ይጎድላቸዋል። እትዬ ግን 31 ብለው ተቀበሉኝ።

ከሄዳችሁ በበሩ በኩል ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ በርጩማውን ለፎቶ ተዉት።