ድሬ ለሚገባ እንግዳ፦ ከዚራ ወይስ መጋላ?

ለሥራ ድሬዳዋ የገባ ሰው ቤት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚወስነው ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ወይስ ወዲያ የሚለውን ነው። ከዚራ በ1895 ዓ.ም. ገደማ ከባቡሩ ጋር በፕላን የተቆረቆረ ሰፈር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉም ጥላ አለው። ጥላ ደግሞ እዚህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የቀትሩ ፀሐይ ከደጋ ለመጣ ሰው አይምርም።

ከወንዙ ማዶ ያለው መጋላ ይጠባል፣ ይጮኻል። ቀፊራ ገበያ ግን ቅርብ ነው፤ ኦሮምኛውም ሶማልኛውም በወሬ መሃል ሳይታወቅ ይለመዳል። ጎረቤት ስም ሳይጠይቅ «አቦ፣ ግባ!» ይላል። ብቻውን ለመጣ ሰው እኔ መጋላን እመርጣለሁ፤ ልጆች ላለው ከዚራን።

የትም ቢሆን ከወንዙ ዳር ራቅ ይበሉ፦ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል።