መንገድ ዳር የሚሸጠው የውሻ ቤት ክረምቱን ይችላል?

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ተደርድረው የሚሸጡትን የውሻ ቤቶች ሳታዩ አልቀራችሁም። ቀይ ጣሪያ፣ ቢጫ ግድግዳ፣ አንዳንዱ ላይ መስኮት ሁሉ ተስሎበታል። ለውሻዬ ለቡቺ አንዱን የገዛሁት ክረምቱ ሳይገባ ብዬ ግንቦት ላይ ነው። አሁን ሐምሌንም አልፎ ነሐሴ ላይ ስለደረሰ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። ቤቱ የተሠራው ለበጋ ነው።

ሻጩ 8,000 ብሎ ጠራ፣ በ6,500 ብር ተስማማን። ለዚህ ዋጋ አሠራሩ አይታማም። ሞራሌው ደረቅና ጠንካራ ነው። ቆርቆሮው እስካሁን ጠብታ አላሳለፈም። ጣሪያው ደግሞ በማጠፊያ ይከፈታል፣ ማጽዳት ቀላል ነው፣ ይሄን ያሰበ ሰው ይባረክ። በረዶ ሲጥል ግን የቆርቆሮው ጩኸት ሌላ ነው፤ ቡቺ ፈትለክ ብሎ መኪና ስር ይገባል። ከውስጥ ኮምፔርሳቶ ቢለበድበት ድምፁም ብርዱም ይቀንስ ነበር።

ዋናው ችግር ወለሉ ነው። ቺፑድ ነው፣ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራው። ቀለም ስለተቀባ ስትገዙት ጣውላ ይመስላችኋል። ቺፑድና ውሃ ደግሞ አይዋደዱም፤ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከዚያ ይፈረፈራል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ በሩ ጋ ያለው ጥግ እንደራሰ ዳቦ በጣት የሚቆረስ ሆነ። ሲሸጥልኝ "ለውጭ የሚሆን ነው" ያለኝ ሰውዬ ስደውልለት "እህቴ፣ እሱ እኮ በረንዳ ላይ ነው የሚቀመጠው" አለኝ። በረንዳ ቢኖረኝ ቤት ምን ያስገዛኛል?

በሩ ልክ መሃል ላይ ነው። ለዓይን ያምራል። ግን የክረምት ዝናብ መቼ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ነፋስ እየገፋው ነው የሚመጣው፣ በሩ መሃል ላይ ሲሆን ደግሞ ውሻው የትኛውም ጥግ ቢተኛ አይቀርለትም። በሩ ወደ አንድ ጎን ቢሆን ኖሮ ውሻው በሌላኛው ጥግ ጥቅልል ብሎ ይተኛ ነበር። እኛ ከጎማ የተሠራ አሮጌ የመኪና ምንጣፍ ቆርጠን መጋረጃ አደረግንለት። መጀመሪያ ፈርቶት ነበር፣ አሁን በአፍንጫው ገፋ አድርጎ ይገባል።

ሻጮቹ ትልቁን እንድትገዙ ይገፋፏችኋል። "ሰፋ ሲል ይመቸዋል" ይላሉ። አትስሟቸው። ውሻ ቤቱን የሚያሞቀው በገዛ ሰውነቱ ነው፤ መቆም፣ መዞርና መጋደም ከቻለ ይበቃዋል። ሌሊቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ትርፉ ቦታ ሁሉ ብርድ ነው። "ውሻ ምን ይበርደዋል" የሚል ጎረቤት አይጠፋም፣ ጸጉረ አጭር የሀበሻ ውሻ በስብሶ ሲንቀጠቀጥ አላየም ማለት ነው።

ሻጩ ምርቃት ብሎ የሰጠኝን ስፖንጅ ወዲያው አወጣሁት። ስፖንጅም ጆንያም አሮጌ ብርድ ልብስም ውሃ ይይዛሉ፣ በዚህ ሰማይ ደግሞ አይደርቁም። ገለባ ይሻላል። በመሃሉ አየር ስለሚይዝ ያሞቃል፣ ሲረጥብ አውጥታችሁ ትጥሉትና ሌላ ትሞላላችሁ።

ሌላው፣ ቤቱ እግር የለውም። መሬት ላይ ቁጭ ነው። እኛ ብሎኬት አስገባንበት፣ 20 ሴንቲሜትር ከፍ አለ። ጎርፉ ከስር ያልፋል፣ ለአይጥም መደበቂያ አይሆንም። አይጧን የማነሳው በምክንያት ነው፤ ሽንቷ የገባበት የቆመ ውሃ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያመጣል፣ ከውሻ አልፎ ሰውንም ይይዛል። ክትባት አለው፣ ለእብድ ውሻ በሽታ ስታስከትቡ አብራችሁ ጠይቁ። የተረፈ ምግብም ሳህኑ ላይ አታሳድሩ።

ከ10 አምስት እሰጠዋለሁ። እዚያው ሰውዬ ጋ ተመልሼ እገዛለሁ ወይ? እገዛለሁ፣ የተደረደረውን ግን አይደለም። ትእዛዝ ይቀበላሉ። ወለሉ ጣውላ፣ በሩ ወደ ጎን፣ እግር ይኑረው በሏቸው። ከመክፈላችሁ በፊት ጣሪያውን ክፈቱና ውስጡን በእጃችሁ ዳብሱት፤ የኛው ላይ የሚስማር ጫፍ ወጥቶ ነበር፣ ያውም ልክ የውሻው ጀርባ በሚደርስበት። የማድረሻው ሒሳብ ዋጋው ውስጥ መኖሩንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ እኔ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው "የፒክ አፑስ?" የተባልኩት።