«ዊስታን» የሚለውን ስም ያስወደደኝ መጽሐፍ

ባለቤቴ የእንግሊዟ ከተማ የደርቢ ልጅ ነው፤ ለሚወለደው ልጃችን «ዊስታን» የሚል ስም ሲያነሳ ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ በ4 ፓውንድ የገዛሁት የስሞች መዝገበ ቃላት ግን አሳመነኝ። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ዊግ» ውጊያ፣ «ስታን» ድንጋይ ነው ይላል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተገደለውን፣ መርሲያ የተባለው የጥንት እንግሊዝ መንግሥት ልዑል የነበረውን፣ ቅዱስ ዊስታንንም ያነሳል። ደርቢ አቅራቢያ ወዳለችው ሬፕተን መንደር ሄደን በስሙ የተሰየመችውን ቤተ ክርስቲያን አየናት፤ ከሥሯ ያለው የ8ኛው ክፍለ ዘመን ምድር ቤት ሰውን ዝም ያሰኛል። የመጽሐፉ ጉድለት ስሙን «ብርቅ» ብሎ ማለፉ ነው፤ ስንት ልጅ እንደሚጠራበት አይናገርም። ለዚያ የብሪታንያ ብሔራዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ በነጻ የሚያወጣው የእንግሊዝና የዌልስ ዝርዝር ይሻላል፤ ቢያንስ ለ3 ሕፃናት የተሰጡ ስሞችን ከነቁጥራቸው ይዟል። እናቴ በስልክ «ዊስታንዬ» ማለት ጀምራለች።