የዳዊት ኮከብ ወይስ ሐምሳ? በእጅ የተሠራ የብር ሐብል ለምትመርጡ

ኢየሩሳሌም ውስጥ ብር አንጥረኛ ጋ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወዛገበው በእነዚህ ሁለቱ ነው። ሐምሳ ማለት ባለ አምስት ጣቷ እጅ ናት።

ትርጉም፦ ኮከቡ ማንነትን በግልጽ ይናገራል። የአይሁድ ሁሉ ምልክት ሆኖ የገነነው ግን ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የእስራኤል ባንዲራ ላይ ወጣ። ሐምሳ ከቡዳ ትጠብቃለች ይባላል። የሞሮኮ አይሁዶች ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር ይጋሯታል፤ እኔን የሚስበኝም ይሄው መጋራቱ ነው።

ዋጋ፦ ኮከቡ ቅርጹ ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሐምሳ ላይ ግን አንጥረኛው ዓይን፣ ዓሣ፣ ሰማያዊ ድንጋይ ሲጨምርበት፣ በተለይ የየመን አይሁዶች በሚታወቁበት የቀጭን ብር ክር ሥራ ከሆነ፣ የእጁ ድካም ዋጋውን ይሰቅለዋል።

አያያዝ፦ የክር ሥራው ሹራብ ይይዛል፣ ሲጠቁርም ማጽዳቱ አበሳ ነው። ለስላሳውን ኮከብ በጨርቅ ወልወል ማድረግ ይበቃል።

ስጋት፦ አውሮፓ ውስጥ የአይሁድ ጥላቻን ፈርተው ኮከቡን ሸሚዝ ሥር የሚደብቁ አሉ። እኛ ጋ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ቤተ ክርስቲያን ላይም ስለሚታይ፣ የሚያየው ሰው ከአይሁድነት ጋር ላያገናኘው ይችላል።

ለባር ሚትስቫ፣ ማለትም አይሁዳዊ ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው ለሚከበረው በዓል ከሆነ ኮከቡ። ለአራስ ጥየቃ፣ ለአዲስ ቤት ወይም እምነቱን በደንብ ለማታውቁት ሰው ሐምሳ ይቀላል። የቱንም ብትገዙ 925 የሚለውን ማኅተም (ከሺህ 925 እጁ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው) ከጀርባው ፈልጉ።