ፕሬዠር ትሪትድ ጣውላ፦ ዴክን በትንሽ ገንዘብ ለማደስ ያዋጣል?

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቆየት ያለ ቤት የገዛ ሰው የጓሮውን በር ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚያየው ግራጫ የሆነ፣ የተሰነጣጠቀና ሚስማሩ ብቅ ብቅ ያለ ዴክ፣ ማለትም ከቤቱ ጋር የተያያዘ የእንጨት መድረክ፣ ነው። ኮንትራክተር ሲጠራ ሁሉም ፈርሶ ከእንጨት ዱቄትና ከፕላስቲክ በተሠራ ጣውላ፣ በኮምፖዚት፣ ይተካ ይባላል፤ ዋጋው ሲሰማ ሥራው ለከርሞ ይተላለፋል፤ እንጨቱ ግን መበስበሱን አያቆምም። ስለዚህ ፋይቭ ኳርተር የሚባለውንና በየግንባታ ዕቃ መደብሩ የሚገኘውን ፕሬዠር ትሪትድ የፓይን ጣውላ እንገምግም። ወለል ለመቀየር ጥሩ ዕቃ ነው፤ አመራረጥና አያያዝ ግን ይፈልጋል።

ጣውላው መዳብ ያለበት መድኃኒት በግፊት የገባበት ፓይን ነው። በስሙ 5/4 በ6 ቢባልም እውነተኛ ልኩ 1 ኢንች ውፍረትና 5.5 ኢንች ስፋት ነው። ሂሳብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከቤቱ ግድግዳ 12 ጫማ ወጣ ያለና 16 ጫማ ርዝመት ያለው ዴክ እንውሰድ። 12 ጫማ 144 ኢንች ነው፤ ለ5.5 ሲካፈል 26 ጣውላ ትንሽ ይጎድለዋል፣ ስለዚህ ባለ 16 ጫማ 27 ጣውላ። ለብልሽት ሦስት ጨምሮ 30 መግዛት ነው። ከስር ያሉት ተሸካሚ እንጨቶች፣ ማለትም ጆይስቶቹ፣ በየ16 ኢንቹ ከተደረደሩ 13 ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ብሎን ሲታሰር 702 ብሎን ይወጣል።

በብሎን ላይ አትቆጥቡ። በጣውላው ውስጥ ያለው መዳብ ተራውን ብረት ቶሎ ያዝገዋል፤ ስስ ዚንክ የተቀባ የቤት ውስጥ ብሎንም ብዙ አይቆይም፣ አንገቱ ተበልቶ ይቆረጣል። ሳጥኑ ላይ ለፕሬዠር ትሪትድ እንጨት የተፈቀደ መሆኑ መጻፍ አለበት፤ ጆይስት የሚይዙት ብረቶችም ሆት ዲፕ ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም በቀለጠ ዚንክ ተነክረው የወጡ፣ ይሁኑ። ሚስማር ደግሞ እንጨቱ ሲረጥብና ሲደርቅ ቀስ በቀስ እየተገፋ ይወጣል፤ የአሮጌ ዴክ ሚስማር እግር የሚወጋው ለዚህ ነው።

መደብር ውስጥ ጣውላውን አንድ በአንድ አንስቶ ከጫፉ በአንድ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። የተጣመመውን መልሱ። ጫፉ ላይ የዛፉ እምብርት፣ ትንሿ ክብ፣ መሃል ላይ የምትታይ ከሆነም ተዉት፤ እንዲህ ያለው ሲደርቅ ይሰነጠቃል ወይም ይጠማዘዛል። ጣውላው ከባድና እርጥብ ከሆነ ያለ ክፍተት አጠጋግቶ መምታት ነው፣ ሲደርቅ ራሱ ይከፈታል። የደረቀ ከሆነ ግን በመሃሉ የወፍራም ሚስማር ያህል፣ 1/8 ኢንች ገደማ፣ ክፍተት ይተው። እርጥቡን ክፍተት ሰጥቶ የመታ ሰው ከወራት በኋላ ሹካ የሚያሾልክ ቀዳዳ ያገኛል። በመጋዝ የተቆረጠውን ጫፍ ኮፐር ናፍቴኔት በሚባለው መዳብ ያለበት መድኃኒት መቀባት አይረሳ፤ መድኃኒቱ እስከ እንጨቱ መሃል ላይደርስ ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን ከስር ያለው ደህና ከሆነ ነው። በጀቱ ጠባብ በሆነ ቁጥር ገንዘቡ ቀድሞ መሄድ ያለበት ወደማይታየው ክፍል ነው። ካቻቢቴ ይዛችሁ ከስር ግቡ። ቋሚዎቹን መሬት አጠገብ፣ ደረጃውን፣ በተለይም ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘውን ሌጀር የሚባለውን እንጨት ውጉ። ካቻቢቴው እንደ ቅቤ ከገባ በስብሷል። ሌጀሩ በሚስማር ብቻ ተይዞ ከሆነ ሌላው ሁሉ ይቅርና መጀመሪያ እሱ በወፍራም ብሎን ይታሰር፤ ሰው የሞላበት ዴክ ተገንጥሎ ሲወድቅ ዋነኛው ምክንያት ይህ ግንኙነት ነው። ከላዩ ውኃ የሚመልስ ቆርቆሮ ከሌለው ደግሞ ዝናቡ ወደ ቤቱ ግድግዳ ይገባል። አብዛኞቹ ካውንቲዎች ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ወለሉን ብቻ ለመቀየርም ቢሆን ደውሎ መጠየቅ ነው። ለአዲስ ቋሚ ጉድጓድ የሚቆፈር ከሆነ ከመሬት በታች ያሉት የጋዝ፣ የመብራትና የመሳሰሉት መስመሮች ምልክት እንዲደረግባቸው አስቀድሞ 811 ይደወል።

ስር ያለው ጤነኛ ሆኖ ጣውላው ላዩ ብቻ ካረጀ ከዚህም የረከሰ መንገድ አለ፦ ነቅሎ መገልበጥ። ፀሐይ ያላየው ጀርባው ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2004 በፊት የተሠራ ዴክ አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት ሊኖረው ስለሚችል በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ቁራጩንም በምንም ምክንያት አታንድዱት። ጭሱና አመዱ መርዝ ነው።

የዚህ ጣውላ ትልቁ ጉድለት እንክብካቤው ነው። በየሁለት ወይም ሦስት ዓመቱ ስቴን፣ ማለትም ወደ እንጨቱ የሚሰርግ መከላከያ ቀለም፣ ይፈልጋል። አዲሱን ወዲያው መቀባት ገንዘብ መጣል ነው፤ እርጥብ እንጨት ስቴን አይጠጣም፣ ቀለሙ ይላጣል። ጥቂት ጠብታ ውኃ ጣሉበት፤ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከቆመ ገና ነው፣ ወደ ውስጥ ከሰረገ ደርሷል። ይህ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። አሮጌውን በፕሬዠር ዋሽር፣ ውኃ በግፊት በሚረጨው ማሽን፣ የሚያጥብ ሰው ውኃው የሚወጣበትን ጫፍ ወደ እንጨቱ አያስጠጋ፤ የእንጨቱ ክር ተነስቶ እንደ ፀጉር ይቆማል።

ኮምፖዚት ስቴን አይፈልግም፣ አይበሰብስም። የጣውላው ዋጋ ግን ከፓይኑ በብዙ ይበልጣል፣ በሐምሌ ፀሐይ ባዶ እግር ያቃጥላል፣ ከስሩም ያው ፕሬዠር ትሪትድ እንጨት ነው። በደከመ ጆይስት ላይ ውድ ኮምፖዚት ማንጠፍ ከሁሉም የከፋ አወጣጥ ነው።

ዴክ ላይ ቡና የሚያፈላ ቤተሰብ አንድ ነገር አስቀድሞ ያስብበት። ከከሰል ምድጃ የወደቀች ፍም ፓይኑን ታከስላለች፣ ኮምፖዚቱን ታቀልጣለች፣ ማታ ቀስ ብላም እሳት ልታስነሳ ትችላለች። ምድጃው ከዴኩ ወርዶ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ባዶ መሬት ላይ በተነጠፉ አራት የኮንክሪት ንጣፎች ላይ ይቀመጥ። ረከቦቱና ቄጠማው ከላይ ይሁን።