ሮምስ ወይስ ኤምአይቲጂሲኤም? ቀይ ባህርን ሞዴል ለምታደርጉ፣ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት

አራት ኪሎ ቴሲስ የሚሰሩ ልጆች ቶሎ ብለው የሚጠይቁት "ምን ላፕቶፕ ልግዛ" ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ ሞዴሉ ይመረጥ ባይ ነኝ ምክንያቱም ሮምስም ኤምአይቲጂሲኤምም (የባህር ውሃ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በኮምፒውተር የሚያሰሉ ፕሮግራሞች ናቸው) በነፃ ይወርዳሉ፣ ብር የሚበላው ማሽኑ ነው፣ የማሽኑን ልክ ደግሞ የሚወስነው የባህሩን ታች በምን ያህል ዝርዝር ማሳየት እንደፈለጋችሁ ነው።

ቀይ ባህር ከኤደን ባህረ ሰላጤ የሚገናኝበትን ጠባብ መተላለፊያ፣ ባብ ኤል መንደብን እዩት። ሃኒሽ ደሴቶች ጋ ውሃው ስር እንደ በር ደፍ ያለ ከፍታ አለ፣ ጥልቀቱ 137 ሜትር ገደማ፣ ቀይ ባህር መሃሉ ላይ ግን ከ2000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ጨዋማውና ከባዱ ውሃ ያንን ደፍ አልፎ ወደ ኤደን ባህረ ሰላጤ ሲወርድ ሁለት ሸለቆ ይይዛል፣ የሰሜኑ ስፋቱ 5 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግሪዳችሁ (ሞዴሉ ባህሩን የሚከፋፍልባቸው ካሬዎች) ጎኑ 10 ኪሎሜትር ከሆነ ያ ሸለቆ ሞዴሉ ውስጥ የለም በቃ፣ ውሃው ሌላ መንገድ ይሄድና የማይሆን ጥልቀት ላይ ይቀመጣል።

ሮምስ ውሃውን ከላይ እስከ ታች የሚከፍልባቸው ንብርብሮች የባህሩን ታች ተከትለው ይታጠፋሉ፣ ስለዚህ ታች ለታች የሚንሸራተተውን ውሃ በደንብ ይይዘዋል። ችግሩ ቀጥ ያለ ገደል ላይ ነው፣ የግፊት ስሌቱ ይሳሳትና የሌለ ፍሰት ይፈጥራል። ለዛ ሲባል ገደሉ በስሙዚንግ (የጥልቀት ዳታውን በማለስለስ) ይለዝባል፣ ግን ስሙዚንጉ ደፉንም ይነካዋል፣ ስለዚህ ከጨረሳችሁ በኋላ የደፉን ጥልቀት አይታችሁ በእጅ መልሱት፣ ይሄን እባካችሁ አትዝለሉት። ደግሞ ነፋስ የሌለበት፣ ሙቀቱና ጨውነቱ በአንድ ጥልቀት ላይ በሁሉም ቦታ እኩል የሆነ የቆመ ውሃ ሰጥታችሁ አስሩጡት፣ የሚታየው ፍሰት በሙሉ ስህተት ነው።

ኤምአይቲጂሲኤም ንብርብሮቹ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ታቹ ደረጃ ይሆናል፣ የታችኛውን ሴል (የግሪዱን አንድ ሳጥን) ከፊል ማድረግ ስለሚቻል ጥልቀቱ ብዙም አይዛባም። ገደል አያስፈራውም። ግን ከባዱ ውሃ ደረጃ በደረጃ ሲወድቅ ከመጠን በላይ ይቀላቀላል፣ ጨውነቱ ይቀንሳል። የእኔ ምርጫ፣ በደፉ የሚወጣው ውሃ ከሆነ ጥያቄያችሁ ሮምስ፣ የባህሩ አጠቃላይ ዝውውር ከሆነና ጊዜ ካጠራችሁ ኤምአይቲጂሲኤም።

የጥልቀት ዳታ ላይ ጌብኮና ኢቶፖ 2022 የሚባሉት የአለም ጥልቀት ካርታዎች ሁለቱም እስከ 450 ሜትር ገደማ ዝርዝር አላቸው። እኔ ጌብኮን ነው የምመርጠው፣ የትኛው ነጥብ በመርከብ ተለክቶ የትኛው በግምት እንደገባ የሚያሳይ ፋይል አብሮት አለ። የአለሙ ሙሉ ፋይል ከ7 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ፓኬጃችሁን አትጨርሱ፣ ቀይ ባህርና ኤደንን ብቻ ቆርጣችሁ ብታወርዱ 50 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም።

አሁን ማሽኑ። ግሪዱን በግማሽ ስታጠቡት ሴሉ 4 እጥፍ ይሆናል፣ የጊዜ እርምጃውም (ሞዴሉ በአንድ ስሌት ወደፊት የሚሄደው ጊዜ) በግማሽ ያጥራል፣ ስለዚህ ስራው ወደ 8 እጥፍ ነው፣ በ4 ኪሎሜትር አንድ ቀን የፈጀ በ2 ኪሎሜትር ሳምንት ያልፈዋል። ለመለማመድ 16 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። ሻጮች ጌሚንግ ላፕቶፕ ቢያሳዩአችሁ ለግራፊክስ ካርዱ ብር አትጨምሩ፣ ሁለቱም ሞዴሎች እንደወረዱ የሚሮጡት በሲፒዩ ነው። ያን 5 ኪሎሜትር ሸለቆ የምር ከፈለጋችሁት ግን ብዙ ኮር ያለው ዴስክቶፕ ግዙ፣ ዩፒኤስ ጨምሩበት፣ ሪስታርት ፋይልም ቶሎ ቶሎ እንዲጽፍ አድርጉት፣ መብራት ሲሄድ ካቆመበት ይቀጥላል።