8 ወር ከኤስኤስዲ ጋር፦ የታማው ሌላ፣ ጥፋተኛው ሌላ

ላፕቶፔ ሼባ ነው። የ2009 ዓ.ም. ዕቃ፣ 4 ጊጋ ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ። ጠዋት ማብሪያውን ተጭኜ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ሻይ ጥጄ ስመለስ ያቺ የዊንዶውስ ክብ ገና ስትሽከረከር አገኛታለሁ። አንድ ቀን በስልኬ ለካሁት። ክሮም እስኪከፈትልኝ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ፈጀ።

ከ8 ወር በፊት ባለ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ገዛሁ፤ የሚዞር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ ማለት ነው። ተራው ባለ 2.5 ኢንች፣ ሳታ በሚባለው የተለመደ መሰኪያ የሚገባው ነው። ዋጋውን አልጽፍም፤ የዛሬው ዋጋ ነገ ያስቃል። የሱቁ ልጅ እዚያው ፈታታውና ኤስኤስዲውን በሃርድ ዲስኩ ቦታ አስገባ። አሮጌው 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ደግሞ የቤተሰብ ፎቶ ስላለበት አልተጣለም። ሲዲ ማጫወቻው ተነቀለና ሃርድ ዲስኩ በማቀፊያ ተደርጎ በእሱ ቦታ ገባ። ዊንዶውስ አዲስ ተጫነ። ለመነሳት 22 ሰከንድ! ለሰው ሁሉ እያበራሁ አሳየሁ።

አምስተኛው ወር ላይ ነገሩ ተበላሸ። መጀመሪያ 40 ሰከንድ፣ ከዚያ ደቂቃ፣ ከዚያ ደቂቃ ከ20። «ርካሽ ኤስኤስዲ እንዲህ ነው፣ ቶሎ ይደክማል» አለኝ አንድ ጓደኛዬ። አመንኩት። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት ድሮም አላመንኩትም ነበር።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ሲበራ አብረው የሚነሱትን ቴሌግራምና ሌሎቹን አጠፋሁ፤ 3 ሰከንድ አተረፍኩ። የቀረው ባዶ ቦታ 9 ጊጋ ብቻ ስለነበር ፊልሞቼን አጽድቼ ወደ 70 አደረስኩት። ኤስኤስዲ ሲሞላ ጽሕፈቱ ይዘገያል፤ ስለዚህ ሥራው ትንሽ ቀለል አለው። አጀማመሩ ግን ያው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኜ ጤናውን አየሁ። 98 በመቶ፣ ሰማያዊ፤ ደህና ነው ማለት ነው።

አንድ ቀን ዝም ብዬ አፍጥጬ ሳየው ነው የገባኝ። የሚቆመው የላፕቶፑ አምራች አርማ ላይ ነው። የዊንዶውስ ክብ ከመጣች በኋላማ ወዲያው ይከፈታል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለውን ስትከፍቱ ከላይ በስተቀኝ «ላስት ባዮስ ታይም» የሚል ቁጥር አለ። ባዮስ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ፕሮግራም ነው፤ ቁጥሩ ሥራውን ለዊንዶውስ ከማስረከቡ በፊት የፈጀው ጊዜ ነው። የኔ 51.4 ሰከንድ ይላል። ፊልሞቼን በከንቱ ነው ያጠፋሁት።

ወደዚያው ፕሮግራም ተመለስኩ። ለካ ከላይ ሁለት ዲስክ ተደርድሯል፤ እኔ ያየሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን፣ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ፣ ስነካው ቢጫ፤ ተጠንቀቅ ማለት ነው። የተበላሹ ሴክተሮች፣ ማለትም መረጃ የሚቀመጥባቸው ትናንሽ ክፍሎች፣ ሞልተውታል። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ድርግም ነው የሚለው። በማግስቱ ሲነሳ «ዲ»ን (አሮጌውን ዲስክ) ልፈትሽ እያለ የሚያስጠብቀኝ ለዚህ ኖሯል።

ብሎኑን ፈትቼ አሮጌውን አወጣሁና አበራሁ። ጥቁር ስክሪን፤ የሚነሳበት ዲስክ የለም አለኝ። ላብ አጠመቀኝ። በኋላ እንደገባኝ ዊንዶውስ ሲጫን ሁለቱም ዲስኮች ተሰክተው ነበር። አሮጌው ላይ የድሮው የማስነሻ ክፍል ስለነበር አዲሱም የማስነሻ ፋይሉን እዚያው አስቀመጠ። ስለዚህ ኮምፒውተሬ በየጠዋቱ መጀመሪያ የታመመውን ሽማግሌ ቀስቅሶ «ዊንዶውስ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እሱ እስኪመልስ ይጠብቃል።

አሮጌውን መልሼ ሰክቼ ፎቶዎቹን ሌሊቱን ሙሉ ቀዳሁ። ጥቂቶቹ እምቢ አሉ፤ የእህቴ ሠርግ ፎቶ ግማሹ ጠፋ። ከዚያ ኤስኤስዲውን ብቻውን አስቀርቼ ዊንዶውስን እንደገና ጫንኩ። ባዮሱ 6.2 ሰከንድ፣ ጠቅላላው 19። የለካሁት በሪስታርት ነው፤ ፋስት ስታርትአፕ (ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገው ዘዴ) በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን ማለት ሙሉ በሙሉ መዝጋት ስላልሆነ ቁጥሩ ያታልላል።

ስለ ኤስኤስዲው ከተጠየቅኩ፦ ድምፅ የለውም፣ አይሞቅም፣ ጤናው ዛሬ 97 ነው። ትልቅ ፋይል ሲገለበጥበት በሰከንድ በ350 ሜጋባይት ይጀምርና ትንሽ ቆይቶ ወደ 80 ይወርዳል። የዚህ ዋጋ ዕቃ ባሕርይ ነው፤ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ይናደድበታል። በ4 ጊጋ ራም 10 ታብ ለሚከፍት ሰው ደግሞ ኤስኤስዲ መድኃኒት አይደለም፤ እኔ አሁንም እየተንገታገትኩ ነው።

ሱቁ ጋ ሄጄ ለልጁ ነገርኩት። «ሁሌም ሁለቱን ሰክቼ ነው የምጭነው፣ ማንም መጥቶ አያውቅም» አለኝ። ኤስኤስዲ ልታስገቡ ከሆነ ዊንዶውስ ተጭኖ እስኪያልቅ አሮጌውን ዲስክ በእጃችሁ ያዙት። የኔ ሽማግሌ መሳቢያ ውስጥ ነው። ማቀፊያውን ባዶውን መልሼ ሰክቼዋለሁ፣ ጉንዳን እንዳይገባ።